ከእልፍኙ በታች፦ ኤች. ጂ. ዌልስ እና የመደብ ተምሳሌት በምናባዊ ልቦለዶቹ

በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ አውራጃ፣ ከኮረብታ አናት ላይ የተሠራ አፓርክ የሚባል የመኳንንት ቤት አለ። ወጥ ቤቱና የፈረሶቹ ጋጣ ከዋናው ሕንፃ ተነጥለው የቆሙ ሲሆኑ፣ ከእነሱ ወደ እልፍኙ የሚያደርሰው መንገድ ከመሬት በታች የተቆፈረ ነው። አገልጋዮቹ በዚህ ዋሻ እየተመላለሱ ሥራቸውን ሲሠሩ፣ በመስኮት ወደ መስኩ ለሚመለከቱት ጌቶች አንዳቸውም አይታዩም ነበር። ብርሃንና አየር ወደ ዋሻው የሚገባው ከላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ነው። ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ይህን ቤት ያወቀው በታችኛው በር በኩል ነው፤ እናቱ የቤቱ አገልጋዮች ኃላፊ ነበረችና።

ዌልስ ዛሬ በአብዛኛው የሚታወሰው ከሳይንሳዊ ልቦለድ አባቶች አንዱ ተብሎ ነው። ስያሜው ሐሰት ባይሆንም ማሽኖቹን አጉልቶ ሰዎቹን ያደበዝዛል። እሱ ራሱ በ1933 የቀደሙት ሥራዎቹ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ሲታተሙ በጻፈው መቅድም፣ ድርሰቶቹን ከፈረንሳዊው ዡል ቬርን ሥራዎች ለይቶ፣ ሊሆን የሚችለውን የሚተነብዩ ሳይሆኑ ፋንታሲ መሆናቸውን አስረድቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስልቱ እንደ ገለጸው ቀላል ነው፤ አንድ የማይሆን ነገር ብቻ ወደ ታሪኩ ይገባል፣ የቀረው ሁሉ አንባቢ እንደሚያውቀው ዓለም ይቀጥላል። እንግዲህ የማይሆነው ነገር አንድ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ ደራሲው ሕይወት ይመራል። ያ ሕይወት ከጌቶቹም ሆነ ከሎሌዎቹ ወገን ሙሉ በሙሉ ሊመደብ አልቻለም። የተምሳሌቶቹ ብርታት ከዚህ መካከለኛ ቦታ የመነጨ ነው፤ በበቂ ያልተመረመረው ጉድለታቸውም እንዲሁ።

ዌልስ የተወለደው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 በኬንት አውራጃ፣ ብሮምሊ በተባለች ከተማ ነው። አባቱ ጆሴፍ አትክልተኛ፣ እናቱ ሣራ ኒል ደግሞ የአንዲት እመቤት ደንገጡር ነበሩ፤ የተዋወቁትም እዚያው አፓርክ ውስጥ ሁለቱም ሲያገለግሉ ነው። በ1853 ከተጋቡ በኋላ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ የሚሸጥበት አነስተኛ ሱቅ ገዙ። ሱቁ ከቶም አልሰመረም። የቤቱን ቀዳዳ የሚደፍነው አባትየው ክሪኬት በመጫወት የሚያገኘው ገንዘብ ነበር። ወጥ ቤታቸው ከመሬት በታች ስለነበረ፣ ሕፃኑ በመስኮቱ ሽቅብ ሲመለከት ከአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጫማው ብቻ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1907፣ ስለ ሶሻሊዝም ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ድህነትን በድሆች ጫማ አማካይነት ሲያብራራ የተነሣው ከዚህ ትዝታ ነው። ኅብረተሰብን ከታች ወደ ላይ ማየት ለዌልስ ከመጽሐፍ የተማረው ሐሳብ ሳይሆን የልጅነቱ መስኮት ያስተማረው የአካል ልምድ ነበር።

ሁለት የእግር ስብራቶች ሕይወቱን ቀየሩት። የመጀመሪያው በ1874 የደረሰው የራሱ ስብራት ነው፤ ለሳምንታት ከአልጋ ሳይወርድ መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው በ1877 የደረሰው የአባቱ ሲሆን፣ የክሪኬቱን ገቢ አቋርጦ ቤተሰቡን ለችግር ዳረገ። በ1880 የቀድሞ እመቤቷ ስትጠራት ሣራ ባሏን ከሱቁ ጋር ትታ ወደ አፓርክ ተመለሰች።

እመቤቲቱ ማን እንደነበረች ቆም ብሎ ማጤን ይገባል። የአፓርክ ባለቤት የነበሩት ሰር ሃሪ ፌዘርስቶንሆ በስተርጅና፣ በ1825፣ ሜሪ አን ቡሎክ የተባለችውን የገዛ ቤታቸውን የወተት ቤት ሠራተኛ አገቡ። በ1846 ሲሞቱም ርስቱን አወረሷት። እሷ ስትሞት ቤቱና የቤተሰቡ ስም ወደ እኅቷ ወደ ፍራንሲስ አለፈ። ሣራ ኒል በወጣትነቷ በደንገጡርነት፣ በኋላም በአገልጋዮች ኃላፊነት የተገዛችላት እመቤት እንግዲህ የወተት ሠራተኛዋ እኅት ነበረች። በዚያ እልፍኝ ውስጥ ክብርና ሥልጣን የደም ጉዳይ አልነበሩም፤ ድንገት የተገኙ፣ እንደ ካባም የሚደረቡ ነገሮች ነበሩ። ሆኖም ከጓዳው እስከ ሰገነቱ ድረስ ሁሉም ሰው ከጥንት ጀምሮ በተፈጥሮ የተደነገጉ አድርጎ ይኖርባቸው ነበር። ሣራም በዚህ ሥርዓት ከልቧ ታምን ነበር፤ ልጇ ግን ማመን አልቻለም። ያም ቢሆን ልጁ ለቤቱ ጥላቻ ብቻ አልነበረውም፤ አንድ ትልቅ ውለታ ውሎለታልና። በቤተ መጻሕፍቱ የፕላቶን «ሪፐብሊክ» እና የስዊፍትን «የጉሊቨር ጉዞዎች» አገኘ። አንደኛው ማን ሊገዛ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ሰጠው። ሁለተኛው ደግሞ ኃያላንን ለመተቸት አገራቸውን ትቶ ወደሌለ አገር መሄድ እንደሚቻል አሳየው።

እናቱ ያሰበችለት ዕድል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ መሆንን ነበር። በመጀመሪያ በዊንዘር፣ ከዚያም ከ1881 እስከ 1883 በሳውዝሲ ከተማ ባሉ መደብሮች በተለማማጅነት ተቀጠረ። በሳውዝሲ በቀን 13 ሰዓት ያህል ቆሞ ይሠራ፣ ከሌሎች ተለማማጆች ጋር በጋራ ማደሪያ ይተኛ ነበር። በ1883 አንድ እሑድ ማለዳ ተነሥቶ፣ 17 ማይል በእግሩ ተጉዞ አፓርክ ደረሰና ከቤተ ክርስቲያን ከአገልጋዮቹ ጋር ስትመለስ ለነበረችው እናቱ ሥራውን እንደሚተው ነገራት። ሣራ ለልምምዱ የከፈለችው ገንዘብ ነበርና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ግን ተሸነፈች። ልጁም በአቅራቢያው በምትገኘው ሚድኸርስት ከተማ በረዳት መምህርነት ሥራ አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን፣ ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና በሳምንት አንድ ጊኒ የሚያስገኝ የመንግሥት ድጎማ ተሰጠው።

በዚያ ያስተማረው የዳርዊን ዋና ጠበቃ ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ነው። ትምህርቱ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም በዌልስ ላይ የጣለው ማኅተም አልጠፋም። የዘመኑ ባለጸጎች የዳርዊንን ሐሳብ ሥልጣናቸውን ለማጽደቅ ይጠቀሙበት ነበር፤ ከላይ ያሉት ከላይ የሆኑት ስለሚበልጡ ነው የሚል ነበር ሙግታቸው። ከሀክስሊ የተገኘው ትምህርት ግን ዝግመተ ለውጥ ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል እንዳልሆነ፣ ፍጡር ለሁኔታው ሲስማማ ሊያንስና ሊልፈሰፈስም እንደሚችል ነበር። ዌልስ በ1891 ስለ እንስሳት የኋልዮሽ ለውጥ አንድ መጣጥፍ አሳትሟል። በመጣጥፉ ላይ የሥነ ሕይወት ጉዳይ የነበረው ሐሳብ ከአራት ዓመት በኋላ የመደብ ጉዳይ ሆኖ ብቅ አለ፦ ጌትነት ራሱ የመበስበስ ምክንያት ቢሆንስ?

ከሀክስሊ በኋላ የነበሩት መምህራን አላረኩትም። በ1887 ዲግሪ ሳይዝ ወጣ፤ በዌልስ ምድር (ስሙ ከስሙ ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው) ለአጭር ጊዜ ሲያስተምር በኳስ ጨዋታ ላይ ኩላሊቱ ተጎዳና ሊያገግም ወደ እናቱ፣ ወደ አፓርክ ተመለሰ። በ1888 በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ጊዜ ተጓዥ የሚተርክ ያልተጠናቀቀ ልቦለድ አወጣ። በ1890 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። በ1893 ሳንባው ደማ፤ ቆሞ ማስተማር ስላልቻለ ጽሕፈት ብቸኛ መተዳደሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት ሣራ ከአፓርክ ሥራዋን አጣች። በ1894 በጋ፣ ሰቭንኦክስ በተባለች ከተማ በተከራየው ክፍል ሌሊት መስኮት ከፍቶ ሲጽፍ፣ ባለቤቲቱ የመብራቱን ወጪ እየጠቀሰች ከደጅ ስታማርር ይሰማው ነበር። እየጻፈ የነበረው «የጊዜ ማሽን» የተባለውን፣ በ1895 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ዝናን ያተረፈለትን ልቦለድ ነው።

ታሪኩ የታወቀ ነው። ስሙ ያልተጠቀሰ የሳይንስ ሰው በሠራው ማሽን ወደ 802701 ዓ.ም. ይጓዛል። ከምድር በላይ ኤሎይ የሚባሉ፣ ትንንሽ፣ ቆንጆ፣ ፍራፍሬ ብቻ እየበሉ ቀኑን በጨዋታ የሚያሳልፉ ፍጡሮችን ያገኛል። ከምድር በታች ደግሞ ሞርሎክ የሚባሉ፣ ከጨለማ ብዛት የነጡ፣ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሱ ፍጡሮች ይኖራሉ። ወደ እነሱ የሚወርደው በየመስኩ በተከፈቱ የአየር ጉድጓዶች ነው። አፓርክን ያየ ሰው እነዚህን ጉድጓዶች ለማወቅ አይቸገርም።

የልቦለዱ ዋና ብልሃት ግን ጉድጓዶቹ ላይ አይደለም። ተጓዡ ያየውን ለመረዳት ሦስት ጊዜ ይሞክራል፣ ሁለት ጊዜም ይሳሳታል። በመጀመሪያ ሁሉም እኩል የሆነበት ኅብረተሰብ ያገኘ ይመስለዋል፤ ያየው ከምድር በላይ ያለውን ብቻ ነበርና። ሞርሎኮቹን ካየ በኋላ፣ ሁለቱ ወገኖች የሀብታሞችና የሠራተኞች ዘሮች መሆናቸውን፣ በእሱ ዘመን ለንደን ውስጥ የተጀመረው መለያየት እስከ መጨረሻው ሲደርስ የሆነው ይህ መሆኑን ይረዳል። ለዚህም የምድር ውስጥ ባቡርንና የምድር ቤት የሥራ ቦታዎችን በማስረጃነት ይጠቅሳል። በዚህ ደረጃ ኤሎይ ጌቶች፣ ሞርሎክ ሎሌዎች ናቸው። በሦስተኛው ግን ይህም ይፈርሳል። ሞርሎኮቹ ኤሎዮቹን የሚመግቡትና የሚያለብሱት እያረዱ ሊበሏቸው ነው፤ ጌቶቹ ከብቶች ሆነዋል። በዚህ አካሄድ ልቦለዱ ስለ መደብ የሚናገረውን ያህል መደብን ስለማንበብ አስቸጋሪነትም ይናገራል። የእልፍኝ ሰው ጓዳውን እስኪያይ ድረስ ዓለም ፍትሐዊ ትመስለዋለች፤ ጓዳውን ካየ በኋላም የኃይሉ ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለ አያውቅም።

ሆኖም ተጓዡ የማን ወገን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ተምሳሌቱ ይወላገዳል። ቤታቸው የተወሰደባቸው፣ ከብርሃን የተባረሩ የሠራተኞች ዘሮች ሞርሎኮች ናቸው፤ ተጓዡ ይህን በአእምሮው ይቀበላል። ልቡ ግን ከኤሎይ ጋር ነው። ዊና የተባለችውን ኤሎይ ይወዳታል፤ ሞርሎኮቹን ከማሽን በነቀለው የብረት ዘንግ ይመታቸዋል፣ መምታቱም ያስደስተዋል። በተረፈ ታሪኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ተጓዡ በእራት ጊዜ አገልጋዮች አጠገቡ እንዲቆሙ አይወድም። በቤቱ ካሉት አገልጋዮች በስም የምትታወቀው ወይዘሮ ዋቼት ስትሆን፣ ማሽኑ ሲነሣ በክፍሉ ውስጥ እንደ ጥይት ስትፈተለክ፣ ሲመለስ ደግሞ ወደ ኋላ ስትሄድ ለቅጽበት ትታያለች። የቤት አገልጋይ ልጅ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የቤት አገልጋይዋ የምታገለግለው የጊዜን ፍጥነት ለመለካት ነው። ይህን እንደ ቸልታ ማለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ከምድር ቤት ለመውጣት ዐሥራ አምስት ዓመት የታገለ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ወደዚያ መመለስን መሆኑን ያስታወሰ፣ የሞርሎኮቹ እጅ በጨለማ ተጓዡን ሲዳብሰው የሚሰማውን ዘግናኝ ስሜት ምንጭ ብዙ አይፈልግም። ዌልስ ጭቆናን ያወገዘውን ያህል ጭቆና የሚያበላሻቸውን ሰዎች ይጠየፍ ነበር።

በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት የወጡት ልቦለዶች ይህንኑ ጉዳይ ከሌላ ከሌላ አቅጣጫ ይነካሉ። በ«ስውሩ ሰው» (1897) ግሪፊን የተባለ ድሃ የሳይንስ ሰው ማንም ሊያየው የማይችል በመሆን ያለ ተጠያቂነት ሥልጣን ለመያዝ ይሞክርና በመጨረሻ በመንደርተኞችና በቀን ሠራተኞች እጅ ይሞታል። በ«የዓለማት ጦርነት» (1898) ከማርስ የመጡ ወራሪዎች እንግሊዝን ሲያጠፉ፣ ተራኪው አውሮፓውያን በታስማኒያ ሕዝብ ላይ የፈጸሙትን እልቂት ለአንባቢው ያስታውሰዋል። በ1899 በወጣው፣ ከ203 ዓመት እንቅልፍ ነቅቶ የዓለም ባለንብረት ሆኖ ራሱን ስለሚያገኘው ሰው በሚተርከው ልቦለድ ደግሞ፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች በታላቋ ከተማ የታችኛው ክፍል ይማቅቃሉ። ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣው መሪ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያንኑ ሕዝብ ለማፈን ከአፍሪካ ጥቁር ፖሊሶችን ያስመጣል። ዌልስ እዚህ ላይ ኢምፓየር አንዱን ተገዥ በሌላው ላይ የሚያዘምትበትን ዘዴ በትክክል አይቷል፤ ዳሩ ግን አፍሪካውያኑን የሣላቸው እንደ ማስፈራሪያ እንጂ የራሳቸው ፈቃድና ታሪክ እንዳላቸው ሰዎች አይደለም። የሞርሎኮቹ ችግር በቀለም ተደግሟል።

«የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በጨረቃ» (1901) ግን ምናልባት ከሁሉም የሰላ ነው። በጨረቃ ውስጥ የሚኖሩት ፍጡሮች እያንዳንዳቸው ከሕፃንነታቸው ለአንድ ሥራ ብቻ ተቀርጸው ያድጋሉ፤ አሳቢው ግዙፍ ጭንቅላት፣ ተሸካሚው ሰፊ ትከሻ ይኖረዋል፤ ሥራ የታጣለት ሠራተኛም እስኪፈለግ ድረስ በመድኃኒት እንዲተኛ ይደረጋል። ከምድር የሄደው ሳይንቲስት ካቮር፣ ማሽን እንዲያንቀሳቅስ የተመደበ አንድ ልጅ እጁ ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ሌላው አካሉ በማሰሮ ውስጥ ታፍኖ ሲያድግ ያይና ይሰቀጥጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ ልጆችን ሰው አድርጎ አሳድጎ ከዚያ ወደ ማሽንነት ከመለወጥ ይህ ሳይሻል አይቀርም ብሎ ያስባል። በ13 ዓመቱ ወደ ጨርቅ መደብር የተላከ ደራሲ ይህን ሲጽፍ ስለ ጨረቃ አልነበረም የሚያስበው። ሥራ አልባውን በሚያስተኛው መድኃኒት ላይም ፌዙ ወዴት እንደሚያመለክት የዘመኑ የለንደን አንባቢ አላጣውም።

ከዚህ በኋላ ዌልስ በተምሳሌት መናገሩን ቀነሰ። በ1903 የፋቢያን ማኅበር አባል ሆነ፤ የማኅበሩን አመራር ከነበርናርድ ሾና ከዌብ ባልና ሚስት እጅ ለማውጣት ሞክሮ ስላልተሳካለት በ1908 ለቀቀ። የፖለቲካ ጽሑፎቹ ልቦለዶቹ የሸሸጉትን ገለጡ። በ1901 ባሳተመው ስለ መጪው ዘመን የሚተነብይ መጽሐፍ ላይ ስለ ከተማ ድሆችና ስለ ነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች የጻፈው ዛሬ ለማንበብ የሚከብድ ጭካኔ አለበት። በ1905 የወጣው «ዘመናዊ ዩቶፒያ» ደግሞ ዓለምን ሳሙራይ ለተባለ፣ በትምህርትና በሥነ ሥርዓት ለተመረጠ ቡድን ያስረክባታል። ቡድኑ ክፍት ነው፤ ችሎታና ትጋት ያለው ሁሉ ሊገባበት ይችላል። በአፓርክ ቤተ መጻሕፍት ያነበበው ፕላቶ እዚህ ላይ ይሰማል። የሚሰማው ግን የፕላቶ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በፈተና ከምድር ቤት የወጣ ተማሪም ሁሉም በዚያው መሰላል ይውጣ ማለቱ ነው። መውጣት ያልቻሉት ምን ይሁኑ ለሚለው መልስ አልነበረውም።

ለእነሱ የነበረው ርኅራኄ የተገኘው ፋንታሲውን ትቶ ወደ ተጨባጩ ዓለም ሲመለስ ነው። እናቱ በሞተችበት በ1905 የወጣው «ኪፕስ» የአንድ የጨርቅ መደብር ተለማማጅ ታሪክ ነው። በ«ቶኖ-በንጌይ» (1909) ተራኪው የአንድ መኳንንት ቤት አገልጋዮች ኃላፊ ልጅ ሲሆን፣ ቤቱ ብሌድስኦቨር ይባል እንጂ አፓርክ መሆኑ አያጠራጥርም። ተራኪው መላዋ እንግሊዝ የዚያ ቤት ግልባጭ መሆኗን፣ ጌቶቹ ተለውጠው የመደርደሪያው ሥርዓት ግን እንዳልተለወጠ ያስረዳል። በ1895 አንድ የማይሆን ነገር ያስፈለገው ትዝብት በ1909 ያለ ምንም ማሽን ተነገረ። የቤት አገልጋዮቹ የሻይ ሰዓት፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ሞርሎኮችን ሲጽፍ የጠፋው ትዕግሥትና ፈገግታ ሁሉ በዚህ አለ። ሐያስያን በአብዛኛው ምናባዊዎቹን ከተጨባጮቹ ለይተው ያጠናሉ፤ ነገር ግን ተጓዡ የመታቸው ፍጡሮች በሌላው መጽሐፍ ሻይ ሲጠጡ ስለሚገኙ መለየቱ ጉዳት አለው።

በኋለኛው ዘመኑ ዌልስ ባለጸጋና ዓለም አቀፍ ሰው ሆነ። ለወላጆቹ የገጠር ቤት ተከራይቶላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ጦራቸው። እሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት የኖረው በኤሴክስ፣ ሶሻሊስት የነበረችው የዎሪክ ካውንቴስ ርስት ላይ ነው፤ አገልጋዮችም ነበሩት። በ1922 እና በ1923 በሌበር ፓርቲ ስም ለፓርላማ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከሌኒንና ከስታሊን ጋር ተነጋገረ፤ በ1940 ስለ ሰው ልጅ መብቶች መጽሐፍ አሳተመ። ኦገስት 13 ቀን 1946 ለንደን ውስጥ በቤቱ ዐረፈ፤ አመዱም በባሕር ላይ ተበተነ።

አፓርክ በ1989 ጣሪያው ሲጠገን እሳት ተነሥቶበት የላይኛው ፎቅ ወደመ። ከስድስት ዓመት እድሳት በኋላ ለጎብኚዎች ተከፈተ። ምድር ቤቱና ዋሻዎቹ ከእሳቱ ተርፈው ስለነበር፣ ዛሬ ጎብኚው አገልጋዮች በሚመላለሱበት መተላለፊያ በእግሩ ሊሄድ ይችላል።